ከላንቻ እስከ ጆሮ ግንድ

ከስታዲየም ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የከተማ ባቡር መሿለኪያን፣ ሪቼንና ጠመንጃ ያዥን አልፎ ላንቻ ይቆማል። መስመሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከባሕር ዳር በመጣሁ ቁጥር እሳፈርበታለሁ፤ ላንቻን ግን የማውቃት በመስኮት ነበር። ወደ ደብረ ዘይት የሚከንፈው መኪና፣ ወደ ጎተራ ማሳለጫ የሚጎርፈው ሰው፣ ሻጩና ለቃሚው ሁሉ በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። በዚህ ጉዞ ግን የጥርስ ሕክምና ትምህርቷን ልትጨርስ የተቃረበችው የእህቴ ልጅ ደውላ «ጋሼ፣ ዛሬ ላንቻ ይውረዱ፤ የማሳይዎት ነገር አለ» አለችኝ። ወረድኩ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ቆሎ ስቆረጥም፣ እንጀራ ስጎርስ፣ ሳዛጋ እንኳ የሚያስደንቀኝ አላጣም።

ላንቻ ቸኩለው የሚያልፏት ሰፈር ናት፤ በእግር ለሚሄድባት ግን ቀስ በቀስ ትከፈታለች። ከዋናው አስፋልት ታጠፍ ሲሉ የመኪና ዕቃ መሸጫዎች፣ ጋራዦች፣ የጀበና ቡና የሚቀዳባቸው በረንዳዎች፣ በላያቸውም ሰሌዳ የደረደሩ ሕንፃዎች ይመጣሉ። እኛ የሄድንበት ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ከእነዚህ በአንዱ ላይኛው ፎቅ ነው። አመሻሽ ላይ የመጨረሻው ታካሚ ሲወጣ የመጠበቂያው ክፍል ወንበሮች ወደ ግድግዳው ይዞራሉ፤ ተማሪዎች ይሰበሰባሉ፤ የክሊኒኩ ባለቤት የሆኑት ሐኪም ላፕቶፓቸውን ከፕሮጀክተር ጋር ያገናኛሉ። ክፍያ የለውም። «እኔ ተማሪ ሳለሁ ይህን ነገር በቃሌ ነው የሸመደድኩት። እነሱ አይተው ይማሩ» አሉኝ፣ ገና ሰላም እንደተባባልን።

ዶክተሯ ኮምፒውተሩን ከመክፈታቸው በፊት የቀድሞውን መንገድ አሳዩኝ። ከመደርደሪያ ላይ ያወረዱት መሣሪያ አርቲኩሌተር ይባላል፤ የላይና የታች ጥርስ የጄሶ ቅጂ የሚታሰርበት፣ ከኋላ ማጠፊያ ያለው የብረት መንጋጋ ነው። ታሪኩ ረጅም ነው። ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ጋሪዮ እ.ኤ.አ. በ1805 የላይና የታቹን ጄሶ አገናኝቶ የመያዝን ዘዴ ጻፈ። አሜሪካዊው ዊሊያም ቦንዊል እ.ኤ.አ. በ1858 ሁለቱን የመንጋጋ መገጣጠሚያዎችና የታችኛውን የፊት ጥርሶች መካከል በመስመር ቢያገናኟቸው እያንዳንዱ ጎኑ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ እኩል ሦስት ማዕዘን ይወጣል ብሎ መሣሪያውን በዚያ ልክ ሠራ። ከእሱ በኋላ የመጡት የመንጋጋን መንሸራተት የሚከተል መንገድ በብረቱ ላይ አበጁለት። መሣሪያው ዛሬም ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ አገልጋይ ነው። ነገር ግን ጡንቻ የለውም፤ የሚከፈተው ሐኪሙ በእጁ ስለከፈተው ነው። ሰው አፉን የሚከፍተው ግን ከውስጥ ነው።

መብራቱ ጠፋና ግድግዳው ላይ የራስ ቅል በራ። የላይኛው አጥንት ደብዝዞ የታችኛው መንጋጋ ብቻ ደምቋል። ከጉንጭ፣ ከጆሮ ግንድ በላይ፣ ከውስጥም ከውጭም ቀያይ መስመሮች ወደ መንጋጋው ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ጡንቻ ወይም የአንድ ጡንቻ ክፍል ነው። የትኛው ጡንቻ መቼና በምን ያህል ኃይል እንደሚሳብ ከታች በኩል በጊዜ መስመር ላይ ይወሰናል። ዶክተሯ አንድ ቁልፍ ሲነኩ መንጋጋው ተከፈተ። ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ ግድግዳው ቀረብኩ።

«ጋሼ፣ ጣቶችዎን ከጆሮዎ ፊት ያድርጉና ቀስ ብለው አፍዎን ይክፈቱ» አለችኝ የእህቴ ልጅ። አደረግኩ። መጀመሪያ ጣቴ ሥር ያለው አጥንት ባለበት ዞረ፤ ቀጥሎ ሸርተት ብሎ ወደ ፊት ወጣና ከኋላው ጎድጓዳ ተወ። ግድግዳው ላይ ያለውም ያንኑ አደረገ። የመንጋጋ አጥንት ራስ ከጆሮ ፊት ባለች ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ በመካከሉ ያለችው ስስ ዲስክ መገጣጠሚያውን ከላይና ከታች ለሁለት ትከፍለዋለች። የመጀመሪያዎቹን 20 ወይም 25 ሚሊሜትር ስንከፍት ሥራው በአብዛኛው የታችኛው ክፍል ነው፤ የአጥንቱ ራስ ባለበት ይሽከረከራል። ከዚያ ሲያልፍ ራሱ ዲስኳን ይዞ በላይኛው ክፍል ወደ ፊትና ወደ ታች ይንሸራተታል። ጤነኛ አዋቂ አፉን ከ40 ሚሊሜትር በላይ የሚከፍተው በዚህ ሁለተኛ ጉዞ ነው። ደግሞም ግራና ቀኙ በአንድ አጥንት ስለተያያዙ አንዱ ሲነካ ሌላው ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ይህን ሁሉ ዕድሜዬን ሙሉ ከጆሮዬ ፊት ይዤው መኖሬ ልቤን ነካው።

ከማሳየቱ የበለጠ ያስደነቀኝ ግን ማጥፋት መቻሉ ነው። ዶክተሯ ማውሱን ለአንዷ ተማሪ ሰጡና «የግራውን ላተራል ቴሪጎይድ አጥፊው» አሏት። መንጋጋን ወደ ፊት የሚስብ፣ ከውስጥ በኩል የተደበቀ ጡንቻ ነው። ተማሪዋ ኃይሉን ወደ ዜሮ አወረደችው። መንጋጋው ሲከፈት አገጩ ወደ ግራ ተጣመመ፤ የቀኙ ራስ ወደ ፊት ሲሄድ የግራው ወደ ኋላ ቀርቷልና።

«እንግዲህ ታካሚሽ አፉን ሲከፍት አገጩ ወደ ግራ ቢሄድ መጀመሪያ የት ታያለሽ?»

«ግራውን፣ ዶክተር።»

«ለምን?»

ልጅቷ መጽሐፍ አልጠቀሰችም፤ ግድግዳውን አሳየች። በሕያው ሰው ላይ ጡንቻ እያጠፉ ማብራት አይቻልም። አስከሬንም ይህን አያስተምርም፤ የሞተ ጡንቻ አይስብም። እዚህ ግን ምክንያትና ውጤት ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ማንም ሳይጎዳ፣ የፈለጉትን ያህል ደጋግመው።

ይህን መንጋጋ የሠሩት በካናዳ ቫንኩቨር የሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። የጥርስ ሕክምና ምሁሩ አለን ሃነም ከኢያን ስታቭነስ፣ ከጆን ሎይድና ከሲድኒ ፌልስ ጋር ሆነው፣ ስናኝክ መንጋጋና ከምላስ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚያሳየውን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2008 አሳተሙ። የተሠራበት ሶፍትዌር አርቲሲንዝ ይባላል፤ በነፃ ይገኛል፤ ምንጭ ኮዱም ክፍት ነው። ጥያቄውን ገልብጦ መመለስም ይችላል፦ እንቅስቃሴውን ሲሰጡት የትኞቹ ጡንቻዎች በምን ያህል ኃይል ቢሳቡ ያ እንቅስቃሴ እንደሚገኝ ያሰላል። ጀርመኖች በሌላ በር ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሃለና በግራይፍስቫልድ የነበሩ ምሁራን የብረቱን አርቲኩሌተር ሥራ ወደ ኮምፒውተር አሻገሩት፤ ዛሬ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚነደፍባቸው ሶፍትዌሮች ውስጥ ያለው ምናባዊ አርቲኩሌተር የዚያ መንገድ ተከታይ ነው። የመጀመሪያው የጡንቻውን፣ ሁለተኛው የጥርሱን ገጽ ያስተምራል፤ ዶክተሯ ሁለቱን በተራ ይከፍታሉ።

የጥርሱ ተራ ሲደርስ ግድግዳው በቀለም ነጠብጣብ ተሞላ። መንጋጋው ሲዘጋ የላይኛው ጥርስ ታችኛውን የሚነካበት ቦታ ሁሉ ቀለም ያወጣል። በክሊኒክ ውስጥ ሐኪም ይህን የሚያየው ታካሚው ባለቀለም ስስ ወረቀት ሲነክስ ጥርሱ ላይ በሚቀረው ምልክት ነው። ወረቀቱ ግን የት እንደተነካ እንጂ የቱ አስቀድሞ እንደተነካ አይናገርም፤ ሶፍትዌሩ ቅደም ተከተሉን ያሳያል። ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ በጥርስ መካከል የገባች አንዲት ፀጉር እንኳ የማታመልጠው አፍ፣ ትንሽ ከፍ ያለ ሙሌት ሲቀመጥበት ወዲያው ያውቀዋልና።

ቀጥለው መንጋጋውን ወደ ቀኝ አስኬዱት። የኋላ ጥርሶች ነጥቦች በአንድ ጊዜ ጠፉና አንዲት ነጥብ ቀረች፤ ክራንቻው ላይ። ከጥርስ ሁሉ ሥሩ የረዘመው የላይኛው ክራንቻ ታችኛውን በተዳፋቱ ላይ እያንሸራተተ መንጋጋውን ይመራዋል፤ በዚህም የኋላ ጥርሶች በጎን ከመፋጨት ይድናሉ። በሁሉ ሰው አፍ እንዲህ አይደለም፤ በብዙዎች ዘንድ ከክራንቻው ኋላ ያሉት ጥርሶችም ሥራውን ይጋራሉ። በዚህኛው አፍ ግን መሪው እሱ ብቻ ነበር።

ዶክተሯ ያንን ክራንቻ መረጡና አጠፉት። «ይህ የሀገራችን ጉዳይ ነው» አሉ።

በብዙ አካባቢያችን ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው በሽታውን ያመጣው የድዱ እብጠት ነው ይባልና፣ ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ በስለት ተፈልፍሎ ይወጣል። ግግ ማስወጣት የሚባለው ይህ ነው። እብጠቱ ግን ጊዜው ሲደርስ ሊበቅል የተዘጋጀ ጤነኛ ጥርስ ነው። የሚያስከትለው መድማትና መመረዝ እንዳለ ሆኖ፣ ስለቱ ከሥሩ እየተሠራ ያለውን ቋሚውን ክራንቻም ሊነካው ይችላል። ቋሚው ክራንቻ መብቀል ያለበት ከ10 ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ተበላሽቶ ይወጣል፣ ቦታውን ይስታል፣ ወይም ጭራሽ ይቀራል። ጉዳቱ በሀገር ውስጥም፣ ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች ላይም ተጠንቷል። ጥናቶቹ የሚቆጥሩት የጎደለውን ጥርስ ነው። እኔ ግድግዳው ላይ ያየሁት ደግሞ የጠፋውን መንገድ ነው፦ ክራንቻው ሲሄድ የኋላ ጥርሶች ነጥቦች ተመልሰው በሩ፤ መንጋጋው ወደ ጎን የሚሄድበት ተዳፋትም ጠፍጣፋ ሆነ። አንድ ሕፃን በደረቱ ሳይድህ የደረሰበት ስለት፣ ጎልማሳ ሆኖ ሥጋ ሲያኝክ አብሮት አለ።

ሁለተኛው ልምምድ የነቀላ ነበር። ብዙዎቻችን ጥርስ ሐኪም ዘንድ የምንደርሰው ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳን ነው፤ ስንደርስም «ይነቀልልኝና ልረፍ» እንላለን። ተማሪዎቹ ከታች አንድ የመንጋጋ ጥርስ ነቀሉ። ከዚያ ዶክተሯ አስቀድመው ያዘጋጇቸውን ምስሎች በተራ አስገቡ፦ ከኋላው ያለው ጥርስ ወደ ክፍተቱ ዘንበል ይላል፤ ከላይ የነበረው ባልንጀራው የሚገታው ሲያጣ ወደ ታች ይወርዳል። መጨረሻ ላይ መንጋጋው ወደ ፊት ሊንሸራተት ሲል በወረደው ጥርስ ተሰናክሎ ዞሮ ለማለፍ ተገደደ። ሕመሙን ያስወገደው ነቀላ ሌላ ሥራ ትቶ እንደሚሄድ ለታካሚ ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ንግግር አልሰማሁም።

ስዊድናዊው ኡልፍ ፖሴልት እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ጥናት የታችኛው የፊት ጥርስ ጫፍ ሊደርስባቸው የሚችሉትን ወሰኖች መዝግቦ አንድ ቅርጽ አገኘ። ቅርጹን ከጎን ሲያዩት የላይኛውን ጠርዝ የሚስሉት ጥርሶች ናቸው፤ የኋላውን ጠርዝ የሚስለው መገጣጠሚያው ነው። ንግግራችንና ማኘካችን የሚውሉት ከዚያ ወሰን ውስጥ በጥቂቱ ነው። «እስቲ ቆሎ እናስቆርጥመው» አለች የእህቴ ልጅ፤ የማኘክን እንቅስቃሴ አስገባችና መስመሩ መሳል ጀመረ። መንጋጋው ወረደ፣ ወደሚያኝክበት ጎን ወጣ አለ፣ ተመልሶ ወጣና ወደ መሃል እየተንሸራተተ ጥርስ ከጥርስ ተገናኘ። እናቴ በወፍጮው ላይ መጁን ስትገፋ እህሉ የሚደቅቀው በዚያች አጭር መንሸራተት ነበር፤ የእኛም መንጋጋ የሚፈጨው በመጨረሻዋ መንሸራተት ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ አፉን ሲከፍት ከጆሮው ፊት «ቀጭ» ይልበታል። ሶፍትዌሩ ላይ ዲስኳን ትንሽ ወደ ፊት አሸሿትና ምክንያቱን አሳዩን። የአጥንቱ ራስ ወደ ፊት ሲሄድ ያፈነገጠችው ዲስክ ላይ ይወጣል፤ ድምፁ ያኔ ይሰማል። ሲዘጋ መልሳ ታመልጠዋለች። አንዳንዴ ግን ዲስኳ አልመለስ ትልና ራሱ ከኋላዋ ተገትሮ ይቀራል፤ አፍም በደንብ መከፈት ያቅተዋል። እዚህ ላይ ዶክተሯ ጠንከር ብለው የተናገሩት አለ፦ «ቀጭ ያለ ሁሉ ሕክምና አይፈልግም፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉም ከጥርስ አገጣጠም የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። ጭንቀት አለ፣ ጥርስ ማፋጨት አለ፣ አደጋ አለ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት አለ። ሞዴሉ እንድታስቡ ነው እንጂ ጤነኛ ጥርስ እንድትሞርዱ አይደለም።» ባለሙያን ከነመሣሪያው የምወደው ወሰኑን ሲያውቅ ነው።

አፍ ጨርሶ ሲዘጋ ምን እንደሚሆንም ሀገራችን ታውቃለች። ኖማ የተባለው በሽታ በድህነትና በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ጉንጭና አጥንት ይበላል፤ ከሞት የተረፉትን መንጋጋቸውን በጠባሳ፣ ሲብስም በአጥንት አቆራኝቶ ይዘጋባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። ሕሙማኑን የሚያክሙ የቀዶ ሕክምና ቡድኖች ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ኖረዋል። ቢላዋ ያነሣ ሐኪም መንጋጋው ሲላቀቅ በየትኛው ጡንቻ ተይዞ እንደሚንቀሳቀስ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ሃነምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 በዚሁ ሞዴል ከመንጋጋ ላይ ክፋይ ተቆርጦ ሲወጣ የቀረው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ መርምረዋል፤ ስለዚህ የምሽቱ ትምህርት ከክፍል አልፎ እስከ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ይደርሳል።

በማግስቱ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም፣ አምስት ኪሎ ወጣሁ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን ከዚህ በፊት ያየሁት ቁመቷንና እግሯን ነበር። አሁን ዓይኔ ቀጥታ ታችኛው መንጋጋዋ ላይ አረፈ። የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርሷ በቅሎ መጠነኛ መበላት ጀምሮታል፤ ለአቅመ ሔዋን መድረሷ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጥርስ ከጥርስ ተገናኝቶ የፈጨው ነገር ምልክቱን ትቷል። በ2005 ዓ.ም. ቻላቸው ሥዩም አፋር ውስጥ ሌዲ ገራሩ ላይ ያገኘው የሰው ዘር ግማሽ መንጋጋ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ 5 ጥርሶች ይዟል፤ ስለ ዘራችን መነሻ ብዙ የተነገረው በዚያ ቁራጭ አጥንት ነው።

ከሁሉ በላይ ያሰብኳት ግን ሰላምን ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ ያገኛት ይህች ሕፃን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። በሲቲ ስካን ስትታይ በመንጋጋዋ ውስጥ ከወተት ጥርሶቿ ሥር ቋሚዎቹ ጥርሶች ገና እየተሠሩ ተገኙ። ላንቻ ላይ ያጠፉት ክራንቻ ትዝ አለኝ። ሕፃን ድድ ውስጥ ወደፊት የሚመጣ ጥርስ ተቀምጦ እንደሚጠብቅ ይህች አጥንት ትመሰክራለች፤ ስለት የያዘ እጅ ይህን አይቶ ቢሆን ኖሮ ይመለስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሶፍትዌሩ የሚያስተምረን ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፦ ጥርስ ብቻውን የቆመ ድንጋይ አይደለም፤ ጡንቻ፣ ዲስክ፣ ሁለት መገጣጠሚያና ሌሎች ጥርሶች አብረው የሚሄዱት የጉዞ አካል ነው። አንዱን የነካ ጉዞውን ነክቷል። ይህን ያየ ተማሪ ለመንቀል አይቸኩልም፣ ሙሌት ከፍ ብሎ እንዲቀር አይተውም፣ ለእናት ስለ ግግ ሲነግራትም የሚያሳያት ነገር አለው።

በአዲስ አበባ፣ በጅማና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሕክምና የሚማሩ ልጆች አሉን። ብዙዎቹ ላፕቶፕ ያገኛሉ፤ አርቲሲንዝ ነፃ ነው፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ የኮምፒውተር ተማሪዎቻችን ገብተው ሊያሻሽሉት ይችላሉ። በሆስፒታሎቻችን የሚነሡት የሲቲ ምስሎች የታካሚው ፈቃድ ተጠይቆና ማንነቱ ተሰውሮ ወደ ሞዴል ቢለወጡ፣ ግግ የወጣበት መንጋጋ፣ በኖማ የተዘጋ መንጋጋ፣ ጥርሱ ተነቅሎ የቆየ መንጋጋ በራሱ ልክ ይከፈትና ይዘጋ ነበር። ይህ የጥርስ ሐኪሙንና የሶፍትዌር ባለሙያውን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ሥራ ነው፤ የቫንኩቨሩም የተወለደው እንደዚያ ነው። የእህቴን ልጅ ከምረቃ በኋላ ምን ልትሠሪ ነው ብዬ ስጠይቃት «ጎንደር ሄጄ ማስተማር» አለችኝ። ላፕቶፑን እኔ ነኝ የምገዛላት።